የውኃ ማኅበርተኞችን ፍለጋ

ከጎንደር ከተመለስሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ግንቡ ነው። «የፋሲልን ግንብ አየሽው? እንደሚሉት ነው ወይ?» ይሉኛል። አላየሁትም። በአጠገቡ አልፌያለሁ፤ ግን የዚያን ዕለት ነጠላዬ አረቄ አረቄ ይሸት ስለነበር ሰው እንዳይጠጋኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምሄደው። ስለ ግንብ ማወቅ የፈለገ ሌላ ሰው ይጠይቅ። እኔ የሄድሁት ሰው ፍለጋ ነው፤ የምጽፈውም ስለ ሰዎቹ ነው።

ስሜ እንጉዳይ ይባላል። ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር አረቄ እያወጣሁ ስሸጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። አባቴ ደብተራ ነበር፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ፊደሉን እኔን አስቆጠረኝ፤ በዚህ አመሰግነዋለሁ። አረቄ የሚያወጣ ሰው ብርታቱን ለማወቅ ይቀምሳል። እኔም ቀመስሁ። ከቅምሻ ወደ መለኪያ፣ ከመለኪያ ወደ ጠርሙስ ሄድሁ። ባለፈው ነሐሴ እናቴ ስትቀበር እኔ ጓዳ ውስጥ ሰክሬ ተኝቼ ነበር። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔ እጅ አንብቡት ብዬ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ሦስት ጊዜ ተውሁ፤ ሦስት ጊዜ ተመለስሁበት። ተስያለሁ፣ ተጠምቄያለሁ፣ ለንስሐ አባቴ ምያለሁ። አንድ ቀን ግን የድሮ ደንበኛዬ የነበረ የጭነት ማኪና ሾፌር ገባና ውኃ ጠየቀኝ። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው «ጎንደር ቁስቋም የሚባል ሰፈር መጠጥ የተዉ ሰዎች ማኅበር አለ። በአቦ በአቦ ይሰበሰባሉ። ጠላ የለ፣ ጠጅ የለ፤ ዳቦና ውኃ ብቻ። ከክረምት በፊት ሁለት ጊዜ አብሬአቸው ተቀምጫለሁ» አለኝ። ሳቅሁበት። ጠላ የሌለው ማኅበር ሰምቼ አላውቅም፤ የእኛ አገር የማርያም ማኅበር እንኳ ሰው ተደግፎ የሚወጣበት ነው። ሾፌሩ ግን አልሳቀም። ውኃውን ጠጥቶ ሲወጣ እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር። ያን እጅ አውቀዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ መለኪያ ሲያፈስብኝ የኖረ እጅ ነው።

የኅዳር አቦ አምስት ቀን ሲቀረው ቤቴን ቆልፌ ወጣሁ። ለአራተኛ ጊዜ መጠጥ ካቆምሁ ዐሥራ ስምንተኛ ቀኔ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን

አውቶቡሱ ከደብረ ማርቆስ የተነሣው ገና ሳይነጋ ነው። ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ «ወዴት ነው?» አለችኝ። «ጎንደር፣ ስካር የሚተውበት ማኅበር ልገባ» አልኋት በሙሉ ድምፄ። አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ በፊት ለሁሉም ስዋሽ ነበር፤ «ጨጓራዬ ነው፣ ምች መትቶኝ ነው» ስል። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን መዋሸት ሰለቸኝ።

ቡሬ ላይ ጎማ ፈነዳ። ዳንግላ ላይ ሌላው ፈነዳ። ሾፌሩ ሲጠግን ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መንገድ ዳሩ ጠላ ቤት ገባ፤ እኔ ፀሐይ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ አዘነችልኝና በጣሳ ይዛልኝ መጣች። «እንኪ እቴ፣ ገንዘብ አልጠየቅሁሽም» አለች። ሰው እንዴት ደግ ነው! በዚህ መንገድ ሁሉ የገጠመኝ ጠላት አይደለም፤ የገጠመኝ ደግ ሰው ነው፤ ደግ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። «አልጠጣም» አልኋት። «ምነው?» «ሰካራም ስለሆንሁ።» ጣሳውን ይዛ ተመልሳ ገባችና በዚያው ጣሳ ውኃ አመጣችልኝ። ጣሳው ጠላ ጠላ ይላል። ጠጣሁት።

ባሕር ዳር ስንደርስ ጀንበር ጠልቃ ነበር። አንድ አልቤርጎ ውስጥ ከሦስት ነጋዴ ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጋራን። ዓሣ አቀረቡልን። ዓሣው ሸጋ ነበር፤ ግን ለደጋ ሰው እሾሁን ማውጣት ሥራ ነው፤ ሴቶቹ ሲስቁብኝ አመሹ።

በሁለተኛው ቀን

ጉዱ የደረሰው ማክሰኝት ላይ ነው። የገበያ ቀን ነበርና አውቶቡሱ እህልና ዶሮ ይዘው በሚሳፈሩ ሰዎች ሞላ። አንድ ወፍራም ሰውዬ በሣር የተሸፈነ ትልቅ ጠርሙስ አቅፎ ከጎኔ ተቀመጠ። ሽታው ገና ሳይከፈት ነግሮኛል፤ የበሰለ፣ ሁለቴ የወጣ አረቄ ነው። መንገዱ አናወጠን፤ ጠርሙሱ ከወንበሩ ብረት ጋር ተጋጨና ተሰበረ። ግማሹ ወለሉ ላይ፣ ግማሹ ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ።

ሰውዬው ልጅ እንደ ሞተበት ሰው አለቀሰለት። እኔ ነጠላዬን ይዤ ወደ መስኮቱ ዞርሁ። የሆነውን ልንገራችሁ፤ መናገር የጀመርሁ ሰው ግማሹን አልደብቅም። የነጠላዬን ጫፍ ወደ አፌ አስገብቼ መጠጥሁት። አንዴ። ከዚያ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ተፋሁት፤ ምራቄን ሁሉ ተፋሁት፤ እንባዬም አብሮ መጣ። ሰውዬው ለእሱ ያለቀስሁ መስሎት «ተይው እቴ፣ የእግዜር ቍጣ ነው» ብሎ አጽናናኝ።

ጎንደር ከቀትር በኋላ ደረስን። በደብረ ማርቆስ ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር ሜዳ ላይ እንዳለ ነው፤ ጎንደር ግን ሁሉ ነገር ዳገትና ቍልቍለት ነው፤ ከላይ የሚጣራውን ሰው ከታች ያለው ይመልስለታል። ቁስቋም እየጠየቅሁ ወጣሁ። የቁስቋም ዓመታዊ ንግሥ ስለተቃረበ በየግቢው ጠላ ተጠንስሷል፤ ሰፈሩ ሁሉ የብቅልና የጌሾ ሽታ ነው። እኔም ራሴ እሸታለሁ። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «መጠጥ የተዉ ሰዎች ማኅበር ወዴት ነው?» ስል ያሸተኝና ይስቃል። አንዱ ወጣት «እንዲህ ሆነሽ?» ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። «አዎ፣ እንዲህ ሆኜ! ንጹሕ የሆነ ሰው ምን ያደርግለታል?» ብዬ ጮኽሁበት። ሳቁ ቆመ። ከጓደኞቹ አንዱ ወደ እማሆይ ወለተ ማርያም ቤት መራኝ።

እማሆይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር በአንዲት ጎጆ የሚኖሩ መነኵሴ ናቸው። ገና በሩ ላይ ሳለሁ አፍንጫቸውን ያዙ።

«ልጄ፣ ጠጥተሽ ነው የመጣሽው?»

«አልጠጣሁም እማሆይ። ፈስሶብኝ ነው።»

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው» አሉና ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፈፉት። ከዚያ ወደ እኔ ተጠግተው እስትንፋሴን አሸተቱ፤ አባቴ እንኳ እንዲህ መርምሮኝ አያውቅም። «እውነትሽን ነው» አሉ። ነጠላውን በእንዶድ ሊያጥቡት ይዘውት ሄዱ፤ የራሳቸውን ጋቢ አለበሱኝ።

ዜናው ግን መጥፎ ነበር። ማኅበሩ ቁስቋም የለም። በእማሆይ ግቢ ነበር የሚሰበሰበው፤ ግን የሰፈሩ ሰው «ጠላ የሌለው ማኅበር የመናፍቅ ማኅበር ነው» እያለ ሲያስቸግር፣ በመጨረሻ አንድ ሰካራም ቡድን በድንጋይ በተናቸው። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪው፣ አያ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ወደ ትውልድ አገራቸው፣ ከዳባት ወደ ጃናሞራ በሚወስደው የበቅሎ መንገድ ወዳለ የአቦ አጥቢያ ተመለሱ። ማኅበሩም ተከትሏቸው ሄደ።

«ከጎንደር እዚያ ድረስ የሚሄድ ሰው አለ?» አልኋቸው።

«አራት ሰዎች በየወሩ ይሄዳሉ። ደርሶ መልስ አራት ቀን ነው።»

«እንግዲያ አምስተኛዋ እኔ ነኝ።»

እማሆይ ግን «ልጄ፣ ሴት ገብታ አታውቅም» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን

አራቱ ሰዎች ከአንድ ቀን በፊት ሄደው ኖሯል። ወደ ዳባት የሚሄድ ማኪናም አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ከእማሆይ ጋር ተቀመጥሁ። ምሳ ሽምብራ ቆሎ በላን፤ እሳቸው የጽጌን ጾም ይጾሙ ነበር። «በእኛ አገር የጽጌን ጾም የሚጾም ጥቂት ነው» ብላቸው «በእኛም ጥቂት ነው፤ ወሬው ነው ብዙ» አሉ። ነጠላዬ ደርቆ ሲመጣ ነጭ ሆኗል፤ ሽታው ግን ከጥጉ አልጠፋም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ለንግሡ የጠመቀችውን ልታስቀምስ በዋንጫ ይዛ መጣች። እማሆይ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ። «ዛሬ ከዚህ ደጅ አይገባም» አሏት። ሴትዮዋ ተቀየመች፤ እማሆይ ግን አልተነቃነቁም። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከእናቴ ወዲህ ለእኔ ብሎ ከጎረቤቱ የተቀያየመ ሰው አላየሁም።

በአራተኛው ቀን

የእህል ማኪና ተገኘና ከጆንያ ላይ ተቀምጬ ዳባት ገባሁ። አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ብርዱ አጥንት ይገባል። የእኛ ጮቄ ተራራም ይበርዳል፤ ግን የጮቄ ብርድ እርጥብ ነው፣ ይህኛው ደረቅና ስለታም ነው፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀ።

ዳባት ያደርሁባት ሴት ባልቴት ናት፤ እግሬን አጠበችኝ፣ የገብስ ቂጣ በኑግ አቀረበችልኝ፣ በመጨረሻ ጠላ ቀዳች። እንቢ ስላት «ቤቴን ናቅሽው» ብላ አኰረፈች። እውነቱን ነገርኋት። «ታዲያ ትንሽ ቅመሽ፤ ትንሽ ምን ታደርጋለች?» አለች። «ትንሽማ ናት ያደረገችው» አልኋት። አልገባትም። እኔም ላስረዳት አልቻልሁም። አኵርፋ ተኛች፤ ግን ጠዋት ስነሣ በሶ በቅቤ ለውሳ በጨርቅ ቋጥራልኝ አገኘኋት። «ለመንገድ ነው። የእኔን ጠላ የናቀች ሴት ተራራ ላይ በርሃብ ብትወድቅ በእኔ ይሆናል» አለች።

በአምስተኛው ቀን

ከዳባት የወጣሁት አያ ፈንታ ከሚባሉ ገበሬ ጋር ነው። ከገበያ በቅሎአቸውን ይዘው ሲመለሱ ባልቴቷ እኔን አደራ አለቻቸው። ገና ሦስተኛው ዳገት ላይ የጫማዬ ሶል ተገነጠለ። በገመድ አሰርሁት፤ ገመዱ ተበጠሰ። አያ ፈንታ አዩኝና «በቅሎዋ ላይ ውጪ» አሉኝ። ወጣሁ። በቅሎዋ ቆመች። ወረድሁ፤ ሄደች። እንደገና ወጣሁ፤ እንደገና ቆመች።

«ጎጃሜ አትወድም» አሉ አያ ፈንታ።

«እኔም ጎንደሬ በቅሎ አልወድም» አልኋቸው፤ ቀሪውን መንገድ በባዶ እግሬ ሄድሁ። ከገደሉ ጫፍ ሆኖ ወደ ታች የሚታየውን አገር ሌላ ሰው ቢጽፈው ገጽ ይሞላል፤ እኔ የማስታውሰው እሾህ ነው።

ወዴት እንደምሄድ ስነግራቸው አያ ፈንታ ሳቁ። «የውኃ ማኅበርተኞቹ ዘንድ! ሰዉ እኮ እንደ እንቍራሪት ውኃ ሲጠጡ ይውላሉ እያለ ይስቃል።» ጥቂት ከሄድን በኋላ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደምሴ ድሮ ከገበያ ሲመለስ ሰው በቃሬዛ ነበር የሚያመጣው። አሁን የድንበር ጠብ ሲነሣ የሚጠራው እሱ ነው። የማኅበሩ ነገር ያስቃል፤ ሰውዬው ግን አያስቅም።»

አያ ፈንታ ቤት አደርሁ። ሚስታቸው ጣፈጠች ገና ስገባ እግሬን አየችና ቅቤ ቀባችው። ስለ መጠጥ አልጠየቀችኝም፤ አያ ፈንታ ሹክ ብለዋት ይመስለኛል። አሬራ በትልቅ ቅል አቀረበችልኝ፤ እነሱም ለእኔ ብለው አብረው አሬራ ጠጡ። አያ ፈንታ ከጠጡ በኋላ ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ ሚስታቸው ግን እየሳቀች ደገመችላቸው።

በስድስተኛው ቀን

በአቦ ዕለት ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ አያ ፈንታ እስከ አያ ደምሴ ግቢ አደረሱኝ። ከወይራው ጥላ ሥር፣ አራቱን የጎንደር ሰዎች ጨምሮ፣ ዐሥራ ሁለት ወንዶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መሐላቸው ላይ በኮባ ቅጠል ሳይሆን በአገራቸው ልማድ በሣር ላይ የተቀመጠ ድፎ ዳቦ አለ፤ ከጎኑ የውኃ እንስራና አንድ ቅል። አያ ደምሴ ረዥም፣ ነጭ ጺም ያላቸው፣ አንድ ጆሮአቸው የተቈረጠ ሰው ናቸው። እማሆይ ልከውኝ እንደመጣሁ ነገርኋቸው። ስለ እማሆይ ጤና ጠየቁኝ፤ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፤ ከዚያ «ሥራሽ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ልዋሽ እችል ነበር።

«አረቄ አወጣ ነበር» አልሁ።

ከክቡ አንድ ሰው ተነሣ። ውበቱ ይባላል፤ ዕድሜው ከእኔ አይበልጥም። «አያ ደምሴ፣ ይህችን ከዚህ ያስነሡልኝ» አለ። በጣቱ ወደ እኔ ጠቈመ። «የወንድሜን ዓይን በዱላ ያጠፋሁት በእንዲህ ያለች ሴት ደጅ ነው። እየቀዳች፣ እየሳቀች፣ "ጨምሩ" ስትል ነበር። አሁን ደግሞ ከእኛ ጋር ልትቀመጥ?»

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ስድስት ቀን የመጣሁበት መንገድ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«እውነት ነው» አልሁት። «ቀድቻለሁ። ስቄአለሁ። ጨምሩም ብያለሁ። ያቺን ሴት ብታገኛት ልትነግራት የምትፈልገውን ሁሉ ለእኔ ንገረኝ፤ ቆሜ እሰማሃለሁ። ዱላውን ግን እሷ አላነሣችውም። አንተ የወንድምህን ዓይን አጠፋህ፤ እኔ የእናቴን ቀብር ሰክሬ ተኝቼ አሳለፍሁ። አንተ እዚህ የተቀመጥኸው ንጹሕ ስለሆንህ ነው? እንዲያ ከሆነ ቦታው ተሳስቶብኛል።»

ውበቱ ተመልሶ ተቀመጠ። አያ ደምሴ «ሴት ገብታ አታውቅም፤ ልማድ የለንም» አሉ፤ በቍጣ ሳይሆን እንደሚያዝን ሰው።

«ጠላ የሌለው ማኅበርስ ልማድ ነበረ?» አልኋቸው። «ሰዉ በድንጋይ ሲያባርራችሁ ልማድ የለም እያለ አልነበረም? ከግቢው አውጡኝ ካላችሁ እወጣለሁ፤ ከበሩ ውጭ ግን እቀመጣለሁ። መንገዱ የንጉሥ ነው።»

ወጥቼ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ጸሎታቸውን ጀመሩ፤ እኔም አብሬ አባታችን ሆይ አልሁ። ከዚያ በተራ እየተነሡ ወሩን እንዴት እንዳሳለፉ ተናገሩ። አንዱ ሠርግ ላይ ሦስት ቀን ሳይጠጣ መቆየቱን፣ አንዱ ሚስቱ ልትመለስለት መሆኑን ተናገረ። አንድ ሽማግሌ ተመልሰው ጠጥተው ወድቀው እንደነበር ተናግረው አለቀሱ፤ ማንም አልገሠጻቸውም።

ዐሥራ ሁለቱ ሲያበቁ አያ ደምሴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ከአጥሩ ውጭ ያለሽው፣ ስንት ቀንሽ ነው?» አሉ።

ቆምሁ። «ሃያ ሦስት ቀኔ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አረቄ የፈሰሰበትን ነጠላዬን መጥጫለሁ፤ እሱን ከቈጠራችሁት አራት።»

መጀመሪያ የሳቁት እኒያ የወደቁት ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። የጎንደር ወጣቶች ሳቅ አልነበረም፤ የሚያውቅ ሰው ሳቅ ነው። «እኔ የፈሰሰውን ከመሬት ልሻለሁ» አለ አንዱ። «እኔ የጠጁን አምቡላ በልቻለሁ» አለ ሌላው። «አራት ነው» አሉ አያ ደምሴ። «አራት ብለሽ ቍጠሪ። ግቢ።»

ገባሁ። ቅሉ በክቡ ይዞር ነበር፤ ከእኔ በፊት ያለው ውበቱ ነው። ጠጣና ቅሉን ይዞ ቆየ።

«አልወደድሁሽም» አለኝ።

«ውደደኝ አላልሁህም።»

«ውኃውን ግን አልከለክልሽም» ብሎ ቅሉን ሰጠኝ። ጠጣሁ። የተራራ ምንጭ ውኃ ነው፤ ጥርስ ያማል።

ስሰናበት አያ ደምሴን «ጽዋችሁን ስጡኝና አገሬ ልውሰደው» አልኋቸው። ሳቁ። «ጽዋማ ከገበያ ይገዛል፤ የሚቸግረው ሰው ነው። በወር በወር ከጎጃም አትመጪም። እዚያው ሰው ፈልጊ» አሉኝ። ከዳቦው ቈርሰው በቅጠል ጠቀለሉልኝ።

የመልሱን መንገድ አልጽፈውም፤ ጎማ ያው ይፈነዳል፣ ደግ ሰው ያው ይቀዳል። ደብረ ማርቆስ እንደገባሁ በአረቄው ፈንታ ሻይና በሶ መሸጥ ጀመርሁ፤ ደንበኞቼ «አበደች» ብለው ከማዶ አረቄ ወደምትሸጠው ሴት ሄዱ። ይሂዱ። በታኅሣሥ አቦ ዳቦ ጋግሬ፣ እንስራ ውኃ ሞልቼ፣ ደጄን ከፍቼ ተቀመጥሁ። ቀትር ሆነ፤ ማንም አልመጣም። አላፊ አግዳሚው ወደ ውስጥ እያየ ይሳሳቅ ነበር። እኔም ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው።

ጥላ ሲዞር አንዲት ሴት ከበሩ ላይ ቆመች። በከተማው የተከበረ ቤት እመቤት ናት፤ ስሟን አልጽፍም። ፊቷን በነጠላ እስከ ዓይኗ ሸፍናለች። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች።

«ውኃ ብቻ ነው አሉ» አለችኝ።

«ውኃ ብቻ ነው።»

እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቅሉን በሁለት እጄ አስያዝኋትና፣ ገብታ እስክትቀመጥ ድረስ አብሬ ይዤላት ቆየሁ።